አዲስ ፒክአፕ ከሥር ሲያንኳኳ፦ አንድ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

«መኪናዋ ገና አዲስ ናት፤ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳን አልተነሣም። ማርሽ አስገብቼ ስነሣ ግን ከሥር ጓ ትላለች። ምን ሆና ነው?» ይህ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ ካዛንቺስ ያለ የግንባታ ድርጅት ሾፌር ነው፤ አንዳንዴ ለገሃር አካባቢ ቢሮ ያለው ነጋዴ፤ አንዳንዴም ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ መኪናውን ዳር አስይዞ የሚደውል የተደናገጠ ሰው። የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከነምክንያቱ ጻፍኩት።

መመሪያው ዋስትናው ላላለቀ ፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ ነው። መኪናውን ራስዎ እንዲጠግኑ አይደለም። ችግሩ የት እንደተቀመጠ ለይተው፣ ማስረጃ ይዘው፣ የማንም እጅ ሳይገባበት ለሻጩ እንዲያስረክቡ ነው። ክፍሉ አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ «ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ብሎ መከራከር በጣም ይከብዳል።

ስሞቹን እንስማማባቸው። ኃይል ከሞተር ይነሣና በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮ ቀጥሎ ትራንስፈር አለ፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ከእርሱ የሚወጡት ረጃጅም ዘንጎች ፕሮፔለር ሻፍት ይባላሉ፤ እዚህ «ዘንግ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መገጣጠሚያዎች ክሮቼራ ናቸው። ከዚያ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፍረንሻል፣ ከእርሱ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል፣ ጎማ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሩ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- አራት የጎማ ታኮ፣ ከእንጨትም ቢሆን
- ትልቅ ካርቶን፣ ተዘርግቶ የሚነጠፍ (የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ማሸጊያ ይበቃል)
- ነጭ ሶፍት ወይም ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- ጠመኔ እና ሦስት ሜትር የሚደርስ መለኪያ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ጓንት እና ዓይን የሚሸፍን መነጽር
- ስልክ፣ ቪዲዮ የሚቀዳበት ቦታ ያለው
- የባለቤት መመሪያ መጽሐፉ እና የዋስትና ደብተሩ

ክሪክ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ረስቼው አይደለም። አብዛኞቹ ፒክአፖች ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ለዚህ ምርመራ ማንሣት አያስፈልግም።

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር በምንም ምክንያት አይግቡ።

ትራንስፈሩ ኒውትራል ላይ ከሆነ ካምቢዮው «ፒ» ላይም ቢሆን፣ ማርሽም ቢገባ መኪናው ሊንከባለል ይችላል፤ ጎማዎቹ ከካምቢዮው ጋር ተለያይተዋልና። የሚይዘው የእጅ ፍሬንና ታኮ ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ ብዙ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች አጋጥመውኛል።

ከሥር ሲገቡ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ በኪስዎ ይሁን። በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሣ መኪና ከሆነ ጋቢናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ። ማርሚታውና ቱቦው እስኪቀዘቅዙ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ቦታው ፍጹም ሜዳ መሆን አለበት፤ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ሜዳ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ መንገዶች ብዙ ናቸው። ጥርጣሬ ካለዎት ብርቱካን መሬት ላይ ያስቀምጡና ይመልከቱ።

ደረጃ 1፦ የፎር ዊል ማዞሪያው የት ላይ እንዳለ ይመልከቱ

አይሳቁ። ከሚደወልልኝ ውስጥ ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል።

«ቱ ኤች» (2H) ላይ ሲሆን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። «ፎር ኤች» (4H) ላይ ሲሆን ትራንስፈሩ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ ይቆልፋቸውና እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳቸዋል። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ኮረት ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሰዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አይለቅም። ስለዚህ ልዩነቱ በዘንጎቹ፣ በክሮቼራዎቹ፣ በትራንስፈሩ ሰንሰለትና በዲፍረንሻሉ ጥርሶች ላይ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀማል። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ሲለቅ ያ «ጓ» የሚለው ነው። ካልለቀቀ የሆነ ነገር ይሰብራል።

አንድ ክረምት ላይ አንድ ወጣት ደንበኛዬ መጥቶ «ጋሼ፣ መሪ ስጠመዝዝ የሆነ ነገር ወደ ኋላ ይይዛታል፤ ጎማውም ይጮኻል» አለኝ። ገብቼ ሳይ ፎር ኤች ላይ ናት። «ቸርችልን ሽቅብ ስትወጣ ጉልበት እንዲኖራት ብዬ ነው» አለኝ፤ ሦስት ሳምንት እንዲህ ነድቷል። ዝናቡ አቁሞ አስፋልቱ ደርቆ እንኳን አልመለሰውም። የቸርችል ዳገት ፎር ዊል አይፈልግም። ጭነት ካለ ዝቅ ያለ ማርሽ ይበቃዋል።

ሙከራው ይህ ነው። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ሰፊ ደረቅ ቦታ ይፈልጉ። ቱ ኤች ላይ ያድርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በእግረኛ ፍጥነት አንድ ዙር ይዙሩ፤ ቀጥሎ በሌላው ጎን። መኪናው ሳይያዝ፣ ሳይንገጫገጭ ከዞረ ጥሩ ነው። ማዞሪያው ቱ ኤች ላይ ሆኖ የፎር ዊል መብራቱ ዳሽቦርዱ ላይ ካልጠፋ ቀጥ ብለው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፤ የተጠራቀመው ጥምዘዛ ይፈታና ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ያን አድርገውም ካልጠፋ ፎር ዊሉን የሚያስገባው ክፍል ራሱ አልለቀቀም ማለት ነው። ይህ የዋስትና ጉዳይ ስለሆነ መብራቱን በቪዲዮ ይቅረጹት።

ልዩ ሁኔታ አለ። ሱፐር ሴሌክት የተገጠመለት ሚትሱቢሺ ኤል 200 መሃል ላይ ዲፍረንሻል ስላለው አስፋልት ላይ በፎር ኤች መሄድ ይችላል፤ «ኤል ሲ» የሚል ፊደል የተጨመረበት ቦታ ላይ ግን እርሱም ይቆለፋል። የተለመደው የሂሉክስ ዓይነት በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ኤች አይፈቀድለትም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ መመሪያ መጽሐፉ ነው። ጎረቤትዎ አያውቀውም።

ደረጃ 2፦ አራቱን ጎማዎች ይለኩ

አንድ ጎማ በስለት ተቀዶ ጎሚስታ ጋ ሌላ ተተክቷል? መለዋወጫው ጎማ ገብቶ በዚያው ቀርቷል? ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ ፎር ኤች ላይ ቀጥ ባለ መንገድም ቢሆን በደረጃ 1 የነገርኩዎት ጥምዘዛ ይፈጠራል።

በመጀመሪያ ንፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው መጠን ያስተካክሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎማ ታችኛ ነጥብ ላይ፣ እንዲሁም በቀጥታ ሥሩ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ቀጥ ብለው ቀስ እያሉ ወደፊት ይንዱ። የእያንዳንዱ ጎማ ምልክት አንድ ዙር ጨርሶ መሬት ሲነካ ሌላ ሰው መሬቱ ላይ ያመልክት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ።

ለምሳሌ 265/65 አር 17 ጎማ በስሌት አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ያለቀ ጎማ ከአዲሱ በአንድ ዙር ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማው 410 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ልዩነቱ 15 ሜትር ይሆናል። ፎር ዊል ሲገባ ያንን 15 ሜትር አንድ ነገር መሸከም አለበት።

የፊትና የኋላ ጎማዎች ልዩነት ከታየ ከምርመራው በፊት ጎማውን ያስተካክሉ። ሳያስተካክሉ ወደ ሻጩ ቢሄዱ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነው።

ደረጃ 3፦ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩ

ማታ መኪናውን ካቆሙ በኋላ ካርቶኑን ከካምቢዮው ሥር ጀምሮ እስከ ኋላ ዲፍረንሻል ድረስ ያንጥፉ። አንድ ካርቶን ካልበቃ ሁለት። ጠዋት መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት በካርቶኑ ላይ «ፊት» እና «ኋላ» ብለው ይጻፉና ፎቶ ያንሱ። ካልጻፉ ነጠብጣቡ ከየትኛው ክፍል እንደወደቀ በኋላ አያስታውሱም።

ንጹሕ ውሃ ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣው ነው፤ ይተዉት። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ በብዛት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ወፍራም፣ ማር የመሰለና ሲያሸቱት እንደ ድኝ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ከሆነ የዲፍረንሻል ወይም የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው።

ቀጥሎ ባትሪዎን ይዘው ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ ዘንጉ ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚገባበት አፍንጫ፣ ካምቢዮና ትራንስፈር የሚገናኙበት መስመር፣ እንዲሁም የኋላ ጎማዎች ውስጠኛ ገጽ። እርጥበት ካዩ በሶፍት ጠርገው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱና እንደገና ይመልከቱ። አቧራ ብቻ ከያዘ ላብ ነበር። እንደገና ከረጠበ ያፈሳል። ዘይቱ ከኋላ ጎማ ውስጠኛ ገጽ የሚወርድ ከሆነ ግን 50 ኪሎ ሜትሩን አይሞክሩት፤ ዘይት ፍሬኑን ሊያበላሽ ስለሚችል መኪናው በሌላ መኪና ተጭኖ ይሂድ።

«አዲስ መኪና እንዴት ዘይት ያፈሳል?» ለሚሉኝ አንድ ምሳሌ እሰጣቸዋለሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ቶዮታ በአሜሪካ 228,000 ያህል የ2016 እና የ2017 ሞዴል ታኮማ ፒክአፖችን መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ የኋላ ዲፍረንሻላቸው ዘይት ሊያፈስ መቻሉ ነበር። ዘይት ያነሰው ዲፍረንሻል ለጊዜው ምንም አይልም። ጥርሶቹ እየጋሉ፣ እየተበሉ ይሄዱና አንድ ቀን ይነክሳል፤ የኋላ ጎማዎች በጉዞ ላይ ይታሰራሉ። ስለዚህ ጠብታዋን አይናቋት።

ደረጃ 4፦ ዘንጉን በእጅዎ ይጠይቁት

የምርመራው እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

መኪናው ሜዳ ላይ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደርጎባቸው፣ የእጅ ፍሬኑ ጠብቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። ማዞሪያው ቱ ኤች ላይ፣ ካምቢዮው ኒውትራል ላይ። ማርሹ ኒውትራል የሚሆነው ዘንጉ ከሁለት ወገን ተይዞ እንዳይወጠር ነው፤ የተወጠረ ክሮቼራ ቢላላም አይናገርም።

ከሥር ገብተው ክሮቼራውን ያግኙ። ከግራና ከቀኙ ሹካ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ይዘውታል። በጠመኔ ከአንዱ ሹካ ወደ ሌላው የሚሻገር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። አሁን አንድ እጅዎን ከክሮቼራው በፊት፣ ሌላውን ከክሮቼራው በኋላ ያድርጉና እርጥብ ልብስ እንደሚጨምቁ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዙ።

መስመሩ ሳይሰበር ሁለቱም ሹካዎች አንድ ላይ ትንሽ ከዞሩ ያ በዲፍረንሻሉ ጥርሶች መካከል ያለ ተፈጥሯዊ ክፍተት ነው፤ ያለ እርሱ ጥርሶቹ አይሠሩም። መስመሩ መሃል ላይ ከተሰበረ፣ ማለትም አንዱ ሹካ ሄዶ ሌላው ከቀረ፣ በጸጉር ያህልም ቢሆን ክሮቼራው ሄዷል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። ዘንጉን በአንድ እጁ ወዝወዝ አድርጎ «ኧረ ይሄ ሁሉ ይንቀሳቀሳል!» ይላል፤ ጤነኛው ዲፍረንሻል ተፈትቶ ወለል ላይ ይዘረጋል። የጠመኔዋን መስመር የጀመርኩት እኔም እንዲህ ተሳስቼ ካየሁት በኋላ ነው።

ዓይንዎ እዚያው እያለ የክሮቼራውን አራት ክዳኖች ዙሪያ ይመልከቱ። ቀይ የዝገት ዱቄት ከክዳኑ ሥር ካለ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ግራሶ አጥቶ እየተፈጨ ነው፤ ገና ባይላላም ብዙ አይቆይም።

ቀጥለው ዘንጉን ዲፍረንሻሉ አፍንጫ ላይ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። እዚህ ቦታ ምንም እንቅስቃሴ መኖር የለበትም። ካለ የውስጥ ኩሽኔታው ወይም የሚይዘው ዳዶ ላልቷል።

የብዙ ዳብል ጋቢና የኋላ ዘንግ ሁለት ቁራጭ ስለሆነ መሃል ላይ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ አለው። ወደ ላይ ሲገፉት ጎማው ትንሽ መለጠጡ ደኅና ነው። ጎማው ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ አይደለም። ስነሣ ይንቀጠቀጣል የሚሉ ብዙ አቤቱታዎች መነሻቸው እዚህ ነው።

በመጨረሻ ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ የሚረዝምበትንና የሚያጥርበትን ቦታ ይፈልጉ። ባሌስትራው ሲጨመቅ ዘንጉ ርዝመቱን መቀየር አለበት። ይህ ቦታ ግራሶ ካጣ ይነክስና ሲቆሙ ወይም ሲነሡ በአንድ ጊዜ ሲንሸራተት «ጓ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከአዲስ መኪና ድምፆች ሁሉ በጣም ርካሹ ይህ ነው። ግራሶ መግቢያ ያለው ከሆነ ማንኛውንም ነገር ከመፍታት በፊት በአገልግሎት ጣቢያው ግራሶ እንዲገባለት ይጠይቁ፤ ድምፁ ከጠፋ በዚያው ይጨርሳሉ።

ደረጃ 5፦ የፊት አክስሉን የላስቲክ ሽፋኖች ይመልከቱ

መሪውን እስከ መጨረሻው ይጠምዝዙ። ከፊት ጎማው ጀርባ የፊት አክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ ይታያል። ከተቀደደ ወይም ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ግራሶ ከተረጨ መገጣጠሚያው ግራሶውን አውጥቶ አሸዋ እያስገባ ነው። ገና ድምፅ ካልሰጠ ሽፋኑን ብቻ መቀየር ሊያድነው ይችላል። ሲታጠፉ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን አልፏል።

መኪናውን ከፍ አስደርገዋል? ከፍ ሲል የእነዚህ መገጣጠሚያዎችና የክሮቼራዎቹ ማዕዘን ይሰፋል፤ ሽፋኑም ቶሎ ይቀደዳል። ሻጩም ዋስትናውን ላለመቀበል ጥሩ ምክንያት ያገኛል። ያደረጉትን አይደብቁ፤ በመጀመሪያ እይታ ያውቁታል።

ደረጃ 6፦ እየነዱ ያዳምጡ

ሬዲዮና ማቀዝቀዣ ይጥፉ፣ መስኮት ይከፈት። አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ቪዲዮ ይቅረጽ፤ እርስዎ ስልክ አይንኩ። ከለገሃር ቸርችልን ሽቅብ ወጥተው መውረድ፣ ትንሽ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ቀለበት መንገድ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት መሄድ ይበቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ካልሆነ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

- ከ«ዲ» ወደ «አር» ሲቀይሩ ወይም ነዳጅ ለቀው ሲረግጡ አንድ ጊዜ ጓ የሚል ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ፤ ክሮቼራ ወይም ግራሶ ያጣ ዘንግ ነው።
- ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ንዝረት ከመጣ በዚያው ፍጥነት ላይ ሆነው ማርሹን ብቻ ከአራት ወደ አምስት ይቀይሩ። ንዝረቱ ካልተለወጠ ችግሩ ከካምቢዮ በኋላ ነው፤ ጎማ ባላንስ ወይም ዘንግ። ከተለወጠ ወደ ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ይቀርባል። መጀመሪያ ጎማውን ባላንስ ያስደርጉ፤ ርካሽ ነው፤ ዋስትናም አይነካም።
- ነዳጅ ሲረግጡ የሚያፏጭ፣ ሲለቁ የሚጠፋ ወይም ድምፁን የሚቀይር ከሆነ የዲፍረንሻል ጥርሶች ናቸው። ጭነት ያለበትና የሌለበት ጊዜ በጥርሱ ሁለት ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ድምፁ ይለያያል።
- ፍጥነትን ተከትሎ የሚያጉረመርምና መሪ ትንሽ ወደ ግራ ሲሉ የሚብስ ከሆነ የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሉ ከባሰ የግራው። ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎን ስለሚሄድ የተጫነው ይጮኻል።
- በአራተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ነዳጅ በደንብ ሲረግጡ የሞተሩ ዙር ወጥቶ መኪናው ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልበል። አዲስ ፍሪሲዮን በጥቂት ወር ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፋብሪካ አይደለም። ዳገት ላይ መብራት ሲይዝ መኪናውን በእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ፍሪሲዮንና ነዳጅ እያመጣጠኑ በቦታው ማንሳፈፍ ነው የሚያቃጥለው። ፍሪሲዮን በሥራ የሚያልቅ ክፍል ስለሆነ ብዙ ዋስትና አይሸፍነውም።

ደረጃ 7፦ ውሃ ውስጥ ገብተው ከሆነ ይናገሩ

በክረምት ድልድይ ሥር በተጠራቀመ ጎርፍ ወይም ከከተማ ውጪ ወንዝ ተሻግረው ከሆነ የጋለው ዲፍረንሻል በቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ በመተንፈሻውና በዘይት መያዣ ጎማዎቹ በኩል ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። መክፈቻውን ራስዎ አይፍቱ፤ አገልግሎት ጣቢያው ፊትዎ ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁና ያን ጊዜ ፎቶ ያንሱ።

ደረጃ 8፦ የሻንሲ ቁጥሩን ያጣሩ

17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ አለ። አምራቹ መልሶ የጠራው ሞዴል ውስጥ እንዳለ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ወይም በወኪሉ በኩል ያጣሩ። ለምሳሌ በ2024 ቶዮታ በአሜሪካ 381,000 ያህል የ2022 እና የ2023 ታኮማዎችን ጠርቷል። በኋላ አክስሉ ጫፍ ላይ የቀረ የብየዳ ቅሪት ዳዶዎቹ እንዲላሉ፣ አክስሉም እንዲወጣ ሊያደርግ ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሾፌር በመንከባከብ አይከላከለውም፤ ቁጥሩን ማየት ብቻ ነው።

መኪናው በወኪል በኩል ሳይሆን በግል አስመጪ ገብቶ ከሆነ ዋስትናውን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ ያንብቡ። ከተማችን ውስጥ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ማለት «ዋስትና ያለው» ማለት አይደለም።

ደረጃ 9፦ በጽሑፍ ያስረክቡ

በቃል «ድምፅ አለው» ካሉ የሥራ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈው «ጠቅላላ ምርመራ» ይሆናል፤ መልሱም «ምንም አላገኘንም» ነው። እንዲህ ይጻፉ፦

«ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 4,210 ላይ ሳለ፣ ቱ ኤች ላይ፣ ቆሞ ሲነሣ በመጀመሪያ ማርሽ አንድ ጊዜ ከኋላ ወገን ይመታል። ከመሃል ኩሽኔታው በስተኋላ ባለው ክሮቼራ ላይ በእጅ የሚታይ ልቅነት አለ። ጎማዎች እኩል ናቸው፤ ንፋስ ተስተካክሏል። ቪዲዮ ተያይዟል። ምንም ክፍል አልተፈታም።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ያስደርጉ። ቀኑ የሚያስፈልገው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ድምፁ ቢመለስ አቤቱታው ከማለቁ በፊት እንደቀረበ የሚያሳይዎ ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ከዚያ ከመካኒኩ ጋር አብረው አንድ ዙር ይንዱ። በድምፁ ላይ ሳትስማሙ ቁልፉን አይስጡ።

ደረጃ 10፦ ሲረከቡ

የወጣውን ዕቃ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ዘንጉ ወርዶ ከነበረ ሲገጠም በፊተኛው ምልክቱ ላይ መመለሱን ይጠይቁ፤ ግማሽ ዙር ቢዞር ባላንሱ ይጠፋና አዲስ ንዝረት ይዘው ይወጣሉ። የዲፍረንሻል ጥርስ ተቀይሮ ከሆነ እንደ አዲስ ይለማመዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነትና መጎተት ይተዉ።

የተለመዱ ስህተቶች

ዋስትና እያለ ሶማሌ ተራ ሄዶ ክሮቼራ ገዝቶ ማስቀየር። ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም ይማርካል። ነገር ግን ነገ ካምቢዮው ቢበላሽ «ዘንጉ በውጭ ሰው ተፈትቷል» ይባላሉ።

ዘይት በግምት መሙላት። ዲፍረንሻል በብዛት ጂ ኤል 5 (GL-5) የሚባለውን የዘይት ደረጃ ይፈልጋል፤ ብዙ ማንዋል ካምቢዮዎች ግን ጂ ኤል 4 ናቸው፤ በጂ ኤል 5 ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቅመሞች በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ይበላሉና። «ወፍራም ዘይት ነው፣ ያው ነው» የሚለውን አይቀበሉ።

የዲፍረንሻል መቆለፊያውን አስፋልት ላይ ረስቶ መንዳት። ግራና ቀኝ የኋላ ጎማዎችን እኩል እንዲዞሩ ስለሚያስገድድ መታጠፊያ ላይ አክስሉን ሊሰብር ይችላል።

በተቃራኒው ፎር ዊሉን ጨርሶ አለመንካት። ያልተንቀሳቀሰ የፊት ክፍል ዘይት አይደርሰውም፤ ማስገቢያው ይነክሳል። አንዳንድ የቶዮታ መመሪያዎች በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል እንዲነዱ ይመክራሉ። አስፋልት ላይ ግን አይደለም፤ ከከተማ ሲወጡ ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ይፈልጉለት።

ገና ከመውጣቱ መጫን። የቶዮታ የባለቤት መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትሮች ተጎታች አይጎተት ይላል። ሲሚንቶ ሞልቶ ከቃሊቲ የመጣ የሁለተኛ ቀን ፒክአፕ አይቻለሁ።

የተበላሸውን መኪና በገመድ መጎተት። ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሞተሩ ሳይነሣ ቢጎተት ዘይት የሚረጨው ፓምፕ አይሠራም፤ ውስጡ ይቃጠላል። ሙሉ በሙሉ የሚጭን መኪና ይጥሩ፤ ያ ካልተገኘ ሁለት ጎማ ብቻ ለማንሣት ወይም ትራንስፈሩን ኒውትራል ለማድረግ መመሪያ መጽሐፉ ይፈቅድ እንደሆነ በመጀመሪያ ያንብቡ።